ለቅሶ ቤት ይዤው የገባሁት የዝናብ መጥረጊያ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ሳስበው አንዴ ያሳፍረኛል፣ አንዴ ያስለቅሰኛል፣ አንዳንዴም ብቻዬን ያስቀኛል። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝና ለሌላ ሰው ባካፍለው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ሐረር የመጣሁት በሥራ ዝውውር ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ስለምውል ከሰው ጋር ከማሳልፈው ጊዜ ይልቅ ከሰው ደም ጋር የማሳልፈው ይበልጣል። የተከራየሁት ቤት ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። አከራዮቼ የሚኖሩት ድሬዳዋ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። «ሐረር እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ተመችቶኛል» እላለሁ። አየሩ ተመችቶኛል፤ ሌላውን ግን ዝም ብዬ ነው የምለው።

ሐምሌ ላይ አሰላ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን በድንገት ሞተ። እናትና አባታችን ቀድመው ስላረፉ ያሳደገኝ እሱ ነው። ታዲያ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሠልስቱ ወጥቶ እኔ አልሰማሁም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይላካል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ ሐረር ውስጥ ዘመድ የለኝም። አክስቴ እትዬ አስካለ «የአጎቷ ልጆች ሰው ፈልገው ያረዷታል» ብላ ተወችው። የአጎቴ ልጆችም «አክስቷ አስነግራታለች» ብለው ተዉት። በመሃል ሁሉም ይደውሉልኝ ነበር። «ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ?» ይሉኛል። እኔም ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የተወደድኩት እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። የጌታሁን ስልክ እንደማይነሳ ስነግራቸው «ተበላሽቶበት ነው» ይሉኛል።

በመጨረሻ የሰማሁት ከአንዲት የልጅነት ጎረቤታችን ነው። እሷም የምታረዳኝ አልመሰላትም። ያወቅኩ መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ፣ መምጣት ስላልቻልኩ ነው በስልክ» አለችኝ። ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። «አሜን» አልኳት። ከዚያ ገብቼ የጀመርኩትን ናሙና ጨረስኩ፤ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ለማንም አልተናገርኩም። እንዴትስ ይነገራል? ሐዘንተኛ ራሱ እየዞረ «ኑና አጽናኑኝ» አይልም፤ ሌላ ሰው ነው የሚናገርለት። ደግሞ «መቼ ነው?» ቢሉኝ «ከተቀበረ ሰንብቷል» ልላቸው ነው። ጊዜው ያለፈበት ለቅሶ ይዤ ሰው ፊት መቆሙ አሳፈረኝ። ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ፤ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ። ከሁሉም በላይ አንድ ሐሳብ ይመላለስብኝ ነበር። እኔስ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል? ማንስ ሄዶ ለሰዎቼ ይነግርልኛል?

ቀብሩ ቢያመልጠኝም አርባው አያመልጠኝም ብዬ ወሰንኩ። በመኪናዬ ልሄድ አሰብኩ። መኪናዬ ጌታሁን ዝውውሬን ሲሰማ የሰጠኝ አሮጌ ቮልስ ናት። በአውቶቡስ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ እንባዬን ስውጥ ታየኝና ተውኩት። ችግሩ የዝናብ መጥረጊያዋ ነበር። ላስቲኩ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ውሃውን መጥረጉን ትቶ መስታወቱ ላይ ይቀባዋል። ከተማ ውስጥ አንገቴን አስግጌ እነዳለሁ። የጨለንቆና የቁልቢ ጉም ግን ቀልድ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም መጥረጊያዎች ነቅዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና ሸዋ በር አካባቢ ወዳሉት የመለዋወጫ ሱቆች ሄድኩ። የዝናብ መጥረጊያ መምረጥ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው። አጥንት ያለው አለ፣ ሙሉ በሙሉ ላስቲክ የለበሰ አለ፣ የሚንጠለጠል አለ፣ የሚሰካ አለ። የቮልስ ግን የለም። የመጀመሪያው ባለሱቅ የሌላ መኪና መጥረጊያ አውጥቶ «ረዝሟል፤ ግን ቆርጠን እናስገባልሻለን» አለኝ፣ ልክ ሱሪ እንደሚያሳጥር ልብስ ሰፊ። ሁለተኛው «ባልሽ ይምጣና ይምረጥ» አለኝ። ባል ቢኖረኝ ኖሮ እዚህ ዝናብ ውስጥ ምን እሠራ ነበር ልለው ፈልጌ ተውኩትና ወጣሁ።

ሦስተኛው ባለሱቅ ወጣት ነው፣ ጨዋታ የሚወድ። «ሁለቱንም ነው የሾፌሩን ብቻ?» አለኝ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«አቦ፣ ብዙ ሰው የሾፌሩን ብቻ ነው የሚቀይረው። አጠገብሽ ሰው የሚቀመጥ ከሆነ ሁለቱንም ቀይሪ።»

ሐረር ከገባሁ ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። የገበያ ዘንቢሌ ብቻ ነው ትዝ ያለኝ። «አይ፣ ሰው አይቀመጥም» አልኩት። የንግድ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

እሱ ይህን አላየም። አሮጌውን መጥረጊያ እያገላበጠ ነበር። «ይሄ አጭር ነው፤ እኔ ጋ የለም። የቮልስ ዕቃ ሐጂ ኢድሪስ ጋ ነው የሚገኘው። ዛሬ ግን ሱቁ ዝግ ነው። ጎረቤቱ አንዲት ትልቅ ሴት ሞተውበት ለቅሶ ላይ ነው። በኤረር በር ገብተሽ ትንሽ ወደ ላይ ስትይ ሸራ የተወጠረበት ቤት ታያለሽ፤ ወላሂ አይጠፋሽም።»

«ለቅሶ ላይ ሰው ስለ ዕቃ ይጠየቃል እንዴ?»

«ምን ችግር አለው? ቀስ ብለሽ አስጠሪው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።»

ልቤ አልወደደውም። ግን ከዚያ ወዲያ ከሥራዬ ፈቃድ የማገኝበት ሌላ ቀን አልነበረም። መኪናዬን ኤረር በር ደጅ አቁሜ፣ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ፌስታሌን ይዤ ገባሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከወዲህና ከወዲያ ባሉት የድንጋይ ቤቶች መሃል ሸራው ተወጥሯል። ከሥሩ ወንዶች ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራል። ዝናቡም ጀማምሮት ነበር። ዳር ላይ የተቀመጠውን ሰው «ሐጂ ኢድሪስን» ልለው አፌን ስከፍት አንዲት ሴት ከደጃፍ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነይ ግቢ እንጂ፣ ዝናብ መታሽ!» አለችኝ። በሌላ እጇ ፌስታሌን ተቀበለችኝ። «ጀዛኪላሁ ኸይር» ብላ አመስግናኝ ከኋላዋ ለቆመችው ሌላ ሴት አቀበለቻት፤ ያቺም ይዛው ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እዚያ ሰፈር ለቅሶ የሚመጣ ሰው ስኳር፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ ይዞ ነው የሚመጣው። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ፌስታል ይዘው ነበር። የእኔም የዝናብ መጥረጊያ ከስኳሩ ጋር ማድ ቤት ገባ። «ቆይ፣ እሱ ስኳር አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጫማዬን አስወልቀው ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቡኝ።

ክፍሉ ምንጣፍ የለበሰ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ ያለው የሐረር ቤት ነው። ሙሉ ነበር። ግን ሁለት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው መሃላቸው ቦታ ሰጡኝ። በቀኜ የተቀመጡት እጃቸው ሂና የተቀባ፣ ድምፃቸው ጎርናና የሆነ ትልቅ ሴት ናቸው፤ አዴ ረምላ ይሏቸዋል። ፊት ለፊቴ የሟቿ የሐሊማ ልጅ ነዒማ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አልኳት፣ ሌሎቹ ሲሉ ሰምቼ። አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

አንድ ኩባያ ሆጃ ሰጡኝ፤ በወተት የሚፈላ የቡና ቅጠል ነው። ይዤ ተቀመጥኩ። ሐጂ ኢድሪስ ያሉት በወንዶቹ በኩል ነው፤ መጥረጊያዬ ማድ ቤት፣ እኔ መሃል። መውጣትም መጠየቅም አልቻልኩም። አዴ ረምላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከሐሊማ ጋር የት ነበር የምትተዋወቁት?» ሲሉኝ ሆጃው ትን አለኝ። ሳሉ አዳነኝና ጥያቄው አለፈ።

ዝም ብዬ ሳያቸው ቆየሁ። አንዷ ስትገባ ሁሉም ይነሱላታል። ነዒማን አንዷ ውሃ ታጠጣታለች፣ አንዷ ጀርባዋን ታሻሻለች፣ ሌላዋ የእናቷን ጨዋታ እያነሳች ታስቃትና መልሳ ታስለቅሳታለች። እናቷ የሞተችባትን ሴት ቀናሁባት። አሁን ስጽፈው ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። ያን ሙሉ ክፍል ሰው ቀናሁበት።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ፌስታሌን ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። ሁለቱን መጥረጊያዎች በአንድ እጇ አንጠልጥላ «ይሄ የማነው? ስኳር መስሎኝ ልገለብጠው ነበር!» አለች።

ሁሉም ወደ እጇ ዞሩ። ጥቁሮቹ ላስቲኮች ከእጇ ላይ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። አንድ ሁለት ሴቶች በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐጂ ኢድሪስን ፈልጌ ነው የመጣሁት። የመኪናዬን የዝናብ መጥረጊያ ልቀይር... እሳቸው ጋ ይገኛል ብለውኝ...» ድምፄ እየጠፋ ሄደ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ አዴ ረምላ። «ለቅሶ ቤት ድረስ የሚያስመጣ ምን የሚያጣድፍ መንገድ ገጠመሽ ልጄ?»

ሰበብ ልፈልግ አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ለወንድሜ አርባ ልደርስ ነው» የሚለው ነው። ሐረር ውስጥ ሳወራው የመጀመሪያዬ ነበር።

አዴ ረምላ ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድምሽ ሞቶ ነው? ማን ተቀመጠልሽ?»

«ማንም።»

«ጎረቤት የለሽም?»

«አላወቁም። አልተናገርኩም።»

«ማን አረዳሽ?»

«ማንም አላረዳኝም፤ በስልክ ሰማሁ» ስላቸው ደረታቸውን በእጃቸው መቱ። ለሌሎቹ በሐረሪኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ከመካከሉ «ስልክ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማሁ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አዴ ረምላ ሆጃውን ከእጄ ተቀበሉኝና ራሴን ይዘው ወደ ትከሻቸው ሳቡኝ። «በይ አልቅሺ» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያለቀስኩት ድምፄን ትራስ ውስጥ ቀብሬ ነው። እዚያ ግን ስሙን እየጠራሁ ጮኼ አለቀስኩ። ሌሎቹም አብረውኝ አለቀሱ፤ ለእኔ ይሁን ለሐሊማ አላውቅም። ነዒማ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች። «ኧረ አንቺ አትነሺ፣ የእናትሽ ለቅሶ ነው» አልኳት። «ስሙ ጌታሁን ነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ። በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ለነዒማ ሰብር በለመኑበት አፍ ለእኔም ለመኑልኝ።

ሐጂ ኢድሪስን ያስጠሯቸው አዴ ረምላ ናቸው። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ደጃፉ ላይ ሆነው «ላ ኢላሀ ኢለላህ፣ እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ፌስታሌን ተቀብለው «ነይ፣ ሱቁ ቅርብ ነው» ብለው ቀደሙኝ።

ሱቃቸው ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ዓይነት አውጥተው ሳጥን ላይ ደረደሩልኝ። የመጀመሪያው ከነማሸጊያው የኖረ እውነተኛ የቮልስ ዕቃ ነው። ደስ ብሎኝ ሳነሳው «እሱን ተይው፤ ተሰቅሎ ሲኖር ላስቲኩ ከእኔ እኩል አርጅቷል» አሉኝ። ሁለተኛው የሌላ መኪና የኋላ መስታወት መጥረጊያ ነው፤ ልኩ ገጥሟል፣ ላስቲኩም ለስላሳ ነው። ሦስተኛው አሮጌው ብረት ውስጥ የሚገባ ላስቲክ ብቻ ነው። «ምረጪ» አሉኝ። በጣቴ ዳሰስኳቸውና ሁለተኛውን ያዝኩ። «ደግ መርጠሻል» አሉ። ሒሳቡን ተቀበሉኝና ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ኤረር በር ድረስ አብረውኝ ወርደው ራሳቸው ገጠሙልኝ። ሞተሩን አስነስተው ሲያዩት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ጠራ። አመስግኜ ተሰናበትኳቸው። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አዴ ረምላ ስወጣ ቤቴን ጠይቀውኝ ነበር። ሰው ሲሰነባበት የሚጠያየቀው ነው ብዬ ሰፈሩን በደፈናው ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ስለሌለኝ ደነገጥኩ። ስከፍት አዴ ረምላ፣ ሐጂ ኢድሪስና ሌሎች ሴቶች ፔርሙዝና ሳህን ተሸክመው ቆመዋል። ከኋላቸው ደግሞ ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጣቸው የመንደሬ ሰዎች አሉ።

ለካ ቤቴን ለይተው ስላላወቁት ከመንደሩ መግቢያ ጀምረው በየበሩ እያንኳኩ «ወንድሟ የሞተባት ልጅ ቤት የትኛው ነው?» እያሉ ነው የመጡት። እኔ መናገር ያፈርኩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ከፊት ለፊቴ ያሉት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። «ምነው ልጄ፣ እኛ ሰው አይደለንም?» አሉኝ። ባለቤታቸው የእድር አግዳሚ ወንበር አሸክመው መጡ። አንድ ወንበርና አንድ አልጋ ባለበት ቤቴ ውስጥ ሰው ሞልቶ ደጅ ድረስ ተቀመጠ። የጌታሁን ለቅሶ ሐረር ላይ እንዲህ ተደረገ።

ሊሄዱ ሲነሱ ሐጂ ኢድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆም አሉ። «አሰላ ቤታችሁ የት ጋ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

«ወደ ግራ። ወፍጮ ቤቱን አለፍ እንዳሉ።»

«የአክስትሽ ስም ማነው? በራቸው ምን ዓይነት ነው?»

«እትዬ አስካለ። በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው» አልኳቸው። ደገሙት። ከዚያ አዴ ረምላንም «አንቺም ያዢው» ብለው አስደገሟቸው። ግራ ገባኝና ሳቅ አልኩ። «ሐጂ፣ ለአርባው አሰላ ሊመጡ ነው እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም። «አላህ ያቆይሽ፣ ክፉ አይንካሽ» አሉኝ። «ግን ሁላችንም ሟች ነን። አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ እኛ ስልክ አንደውልም። ሄደን፣ ቤታቸው ገብተን ነው የምንነግራቸው። ስለዚህ ቤቱን ማወቅ አለብን።»

ከመንደሬ ሰዎች አንዷ «ኧረ ሐጂ፣ አያሟርቱባት!» አለቻቸው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኳቸው።

አሰላ ለአርባው በሰላም ደረስኩ፤ በሰላምም ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ ተለውጧል ብል ውሸት ነው። አሁንም እራቴን ብቻዬን ነው የምበላው፤ አከራዮቼም ድሬዳዋ ናቸው። አዴ ረምላ ጋ ለበዓል እሄዳለሁ፤ ከዚያ ውጭ ሁላችንም በየሥራችን ነን። ጌታሁንም በየቀኑ ይናፍቀኛል። ያ ሲያስፈራኝ የኖረው ሐሳብ ግን ለቆኛል። እዚህ ሐረር ውስጥ፣ ግንቡ ሥር፣ የአክስቴን በር ቀለም በቃላቸው የያዙ ሁለት አዛውንቶች አሉ።